አከራያችን በአስር ቀን ልቀቁ አለችን፣ ሐዋሳ ላይ በነጻ ሚረዳ የሕግ ሰው የት ይገኛል?

ዳቶ_ሰፈር፦

ሰላም ጀማ፣ ያያችሁ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው ምሰራው፣ ዳቶ አካባቢ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ለሶስት ተከራይተን ነው ምንኖረው፣ ሁለቱ ጓደኞቼም እዛው ስፌት ላይ ናቸው። ስንገባ በወር 3,000 ብር ተባብለን የሁለት ወር ቅድሚያ ከፍለን ነው፣ ውል ሚባል ነገር ግን አልተጻፈም፣ ደላላው "ሴትየዋ ጥሩ ሰው ናት ውል ምናምን አያስፈልግም" ብሎ አስገባን። መጀመሪያ አካባቢ ኪራዩን በእጅ ነበር ምንሰጣት፣ ከዛ በኋላ በቴሌብር ነው ምልክላት።

አሁን ከትናንት ወዲያ መጥታ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 5,000 ነው፣ ካልተስማማችሁ በአስር ቀን ውስጥ ቤቴን ልቀቁ አለችን። እኛም ትንሽ እንጨምር ግን 2,000 ብር በአንዴ ከየት እናመጣለን ብለን ለመንናት፣ በማግስቱ ከማታ ሺፍት ስንመለስ መብራታችን ጠፍቷል። ቆጣሪው ያለው እሷ ሳሎን በር ጋ ነው፣ የሌሎቹ ተከራዮች በርቶ የኛ መስመር ብቻ ነው የወረደው። ሻማ እያበራን ነው ያለነው፣ እንጀራም መጋገር አልቻልንም፣ ስልክ ምንሞላው ስራ ቦታ ነው። ጠበቃ ጠይቄ ነበር፣ ማመልከቻ ለመጻፍ ብቻ የጠራልኝ ብር የወር ኪራያችንን ይበልጣል። በነጻ ሚረዱ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው? የት ነው? ምን ይዤ ልሂድ?

ታቦር_ስር፦

እህቴ አይዞሽ። ማንም ምንም ቢልሽ ቤቱን ለቀሽ አትውጪ፣ ዕቃችሁንም አታውጡ። አንዴ ከወጣችሁ በኋላ "በፍላጎታቸው ለቀቁ" ነው ምትለው፣ ቅድሚያ የከፈላችሁትንም መልሳ ላትሰጣችሁ ትችላለች። የቴሌብሩን ስክሪንሾት ዛሬውኑ አንሺና ለሌላ ሰውም ላኪው ስልክሽ ቢጠፋ እንኳ እንዲኖር።

አሞራ_ገደል፦

እኔ ምለው ግን ለ3,000 ብር ቤት ፍርድ ቤት መመላለስ ያዋጣል ወይ? ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ነው፣ እናንተ ደሞ ሺፍት ናችሁ፣ አንድ ቀን ስትቀሩ ደሞዝ ይቆረጣል። ሰላማችሁን ብላችሁ ሌላ ቤት ብትፈልጉ ይሻላል፣ ጨፌ በኩል ረከስ ያለ ይገኛል። ክፋት አይደለም፣ አስቤላችሁ ነው።

ታቦር_ስር፦

ወንድሜ ሌላ ቤት ስትል እኮ እንደገና የደላላ፣ እንደገና የሁለት ወር ቅድሚያ፣ እንደገና ዕቃ መጫኛ ነው። የፋብሪካ ልጅ ደሞዝ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ። ደሞ እዛስ ያለችው አከራይ ከስድስት ወር በኋላ እንደዚሁ ብትልስ?

የቀድሞ_ሕግ_ተማሪ፦

ዳቶ ሰፈር፣ የሰማሽው እውነት ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው፣ ተማሪ ሆኜ እዛ ሰርቻለሁ። ትምህርት ቤቱን ብትጠይቂ ላንቺ ሚቀርበውን ማዕከል ይነግሩሻል። አይከፈልበትም፣ ለጽሕፈት ብሎ ብር ሚጠይቅሽ ሰው ካለ ያ ሰው ከማዕከሉ አይደለም ማለት ነው። ቅድሚያ ሚሰጡት አቅም ለሌላቸው፣ ለሴቶች፣ ለሕጻናት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ነው፣ ስለዚህ እናንተን ሳይሰሙ አይመልሷችሁም።

ምን እንደሚሰሩ ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው ሲሄድ ወዲያው ጠበቃ ተነስቶ አብሮት ፍርድ ቤት ሚገባ ይመስለዋል። መጀመሪያ ምክር ነው። ቀጥሎ አከራይዋ በደብዳቤ ተጠርታ ለመነጋገር ይሞከራል፣ የኪራይ ጉዳይ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው ሚያልቀው። ካልሆነ ክሱን ወይም መልሱን እነሱ ይጽፉልሻል፣ ለራስሽ እንድትቆሚ ያለማምዱሻል፣ አንዳንዴ እንደ ጉዳዩ ክብደት ተከራክሮ ሚቆምልሽም አለ። ለማንኛውም ክስ መጻፉ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሰው ተበድሎ እያለ ሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው በደንብ ስላልተጻፈ ነው። መብራት ይለቀቅልኝ፣ ከቤት እንዳታስወጣኝ ይታገድልኝ፣ ቅድሚያ የከፈልኩት ይታሰብልኝ ብለሽ በግልጽ ያልጠየቅሽውን ዳኛው ከራሱ አይሰጥሽም።

ያኔ እኔ ጋ ሚመጡ ተከራዮች ሲቀመጡ መጀመሪያ ሚነግሩኝ ስድቡን ነበር። እንዲህ አለችኝ፣ ልጇ እንዲህ አለኝ፣ ጎረቤት ፊት አዋረደችኝ። ይገባኛል፣ ሆድ ያስብሳል፣ እሰማቸውም ነበር። ግን ከዛ በኋላ ምጠይቀው ሁሌ አንድ ነው፦ መቼ ገባሽ፣ ስንት ብር ነው የተስማማችሁት፣ ስትስማሙ ማን ነበር፣ የመጨረሻውን መቼ ከፈልሽ፣ በምን ከፈልሽ፣ መብራቱ ስንት ቀን ነው የጠፋው። አንዲት እናት ትዝ ይለኛል፣ ማንበብ አይችሉም ነበር፣ ግን ኪራይ በከፈሉ ቁጥር አከራዩን በልጃቸው ደብተር ላይ አስፈርመው ነበር፣ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ደብተር ጀርባ ላይ ከላይ እስከታች የአከራዩ ፊርማ ተደርድሯል። አከራዩ አይከፍሉኝም ብሎ ነበር የመጣው፣ ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ክርክሩ እዛው አለቀ። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ ቀኑንና ብሩን በተራ በወረቀት ጻፊና ይዘሽ ሂጂ፣ ሶስታችሁም አብራችሁ ብትሄዱ ደሞ ይሻላል።

ዳቶ_ሰፈር፦

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። በእጅ የከፈልናትስ? ምንም ማስረጃ የለንም እኮ። ደሞ ደላላው ምስክር ይሆናል ብዬ አላምንም፣ የሷ ወገን ነው።

የቀድሞ_ሕግ_ተማሪ፦

በቴሌብር የላክሽው ራሱ ያወራል። በየወሩ አንድ ዓይነት ብር፣ ተመሳሳይ ቀን ላይ፣ ለአንድ ሰው ከተላከ ኪራይ መሆኑን መካድ ይከብዳታል። የላክሽበትን ዝርዝር ከአፑ ላይ ሙሉውን አውጪው። ሌሎቹ የግቢው ተከራዮችም ምስክር ናቸው፣ ከፈሩ አታስገድጃቸው ግን ጠይቂያቸው። የዕቃ ጫኙ ባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ምስክር ሆኖ አይቻለሁ።

የግቢ_ባለቤት፦

እኔ አከራይ ነኝ፣ ሁለት ሰርቪስ አለኝ። መብራት ማጥፋቷ ነውር ነው፣ በዛ ላይ ምከራከርላት አይደለሁም። ግን ሁሉም አከራይ ጨካኝ ተደርጎ ሲወራ ያመኛል። ቤቱን የሰራሁት በብድር ነው፣ ሲሚንቶ ስንት ገባ፣ ቆርቆሮ ስንት ገባ፣ ግብር አለ፣ ለመጸዳጃ ማስመጠጫ ብቻ በአንዴ ሚወጣው ብር ቀላል አይደለም። የሁለት ወር ውሃና መብራት ሳይከፍል ሌሊት ዕቃውን ጭኖ የጠፋብኝ ተከራይ አለ፣ እሱን የት ሄጄ ልክሰስ? ነጻ የሕግ እርዳታው ለኛስ አለ ወይ?

ጠበቃ_ሐይቅ_ዳር፦

ጠበቃ ነኝ፣ ደንበኛ ፍለጋ እንዳይመስል ስሜንም ቢሮዬንም አልጽፍም። ለሁለታችሁም ልመልስ።

መጀመሪያ ለእህታችን። በዋናነት ማወቅ ያለብሽ ነገር ተከራይን ከቤት ሚያስወጣው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው፣ የአከራይ ቃል አይደለም። አከራይ ውሌ ይቋረጥልኝ ብላ መክሰስ ትችላለች፣ በር መቆለፍ፣ ዕቃ ማውጣት፣ መብራትና ውሃ መቁረጥ ግን አትችልም። "አስር ቀን" ያለችው ነገር ፍርድ አይደለም፣ አስራ አንደኛው ቀን ላይ ቤታችሁ ውስጥ መገኘታችሁ ወንጀል አያደርጋችሁም።

ስለ አዲሱ አዋጅ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀው መጋቢት 24 ቀን 2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ይሁን፣ ጭማሪ ደሞ አከራይ ባሻው ቀን ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው መጠን ይሁን ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፣ አዋጁ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው በቀጥታ ሚሰራው፣ በክልሎች ግን ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ማዕከሉ ስትሄጂ የመጀመሪያ ጥያቄሽ "እኛ ከተማ ላይ በምን ሕግ ነው ምትከራከሩልኝ?" ይሁን። ፌስቡክ ላይ ያየሽውን የአዲስ አበባ መመሪያ ይዘሽ ሄደሽ ዳኛ ፊት ብታነቢ ላይጠቅምሽ ይችላል፣ በዚህ ምክንያት ተስፋ ቆርጠው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

አዋጁ ባይኖርም ሜዳ ላይ አይደላችሁም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2945 ጀምሮ ስለ ቤት ኪራይ ብቻ ሚያወራ ክፍል አለው። ውላችሁ ስላልተጻፈ ብቻ እንዳልነበረ አይቆጠርም፣ ጊዜ ያልተወሰነለትን ኪራይ ለማቋረጥም ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል፣ የኪራዩን መጠን ደሞ አንድ ወገን ብቻውን ተነስቶ አይቀይረውም። ኪራይ ውል ነው፣ ውል ሚቀየረው ሁለት ሰው ሲስማማ ነው።

አሁን ምታደርጉት፦ የኪራይ ቀናችሁ ሲደርስ የድሮውን 3,000 ብር በሰዓቱ በቴሌብር ላኩላት፣ አንድ ቀን እንኳን አታሳልፉ። ኪራይ አለመክፈል አከራይ ፍርድ ቤት ይዛ ምትሄደው ዋናው ምክንያት ነው፣ ይህን ምክንያት በእጃችሁ አትስጧት። አልቀበልም ብላ ብትመልስላችሁ ሕጉ ገንዘቡን በአደራ ማስቀመጥ ይፈቅዳል፣ እሱን በማዕከሉ በኩል አድርጉት። ለመብራቱና ለማስወጣቱ ደሞ የእግድ ትዕዛዝ አብሮ ይጠየቃል፣ ክሱ እስኪያልቅ ድረስ ባለበት ይቁም ማለት ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ላይ አለ። እግድ ከዋናው ክርክር ቶሎ ነው ሚታየው።

ስለ ዳኝነት ክፍያ፦ መክፈል ማትችሉ ከሆነ በድሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ነው። ያላችሁን ንብረት በቃለ መሐላ ትዘረዝራላችሁ፣ ከቀበሌም የአቅም ማነስ ማስረጃ ታጽፋላችሁ። የቀበሌ መታወቂያ ከሌላችሁ ሊያንገላቷችሁ ይችላሉ፣ የፋብሪካ መታወቂያና የደሞዝ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ለግቢ ባለቤት ደሞ፦ ወንድሜ ቅሬታህ ይገባኛል። ነጻ ድጋፍ ሚሰጠው በአቅም እንጂ በአከራይና ተከራይ አይደለም፣ በአንዲት ሰርቪስ ኪራይ ምትተዳደር አሮጊት እናት ብትመጣ ማዕከሉ ይቀበላታል። ላንተ ግን ትልቁ መድኃኒት የጽሑፍ ውል ነው። የተከራዩን መታወቂያ ኮፒ፣ ዋስ፣ የቆጣሪ ንባብ ያለበት ውል ቢኖርህ ኖሮ ያንን የጠፋ ሰው በስም ትከሰው ነበር። አከራዮች ግብር ይመጣብናል ብላችሁ ውል ትሸሻላችሁ፣ ከዛ ሲከፋ ምትይዙት ወረቀት የላችሁም።

የግቢ_ባለቤት፦

ተቀብያለሁ። ግብሩን በተመለከተ እውነትህን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዛ ነው ሚያደርገው። የቆጣሪውን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ ለሚቀጥለው ተከራይ እጽፋለሁ።

ሪፈራል_ነርስ፦

ዳቶ ሰፈር፣ ሴቶች ስለሆናችሁ አንድ ሌላ በርም አለላችሁ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሐዋሳ ቅርንጫፍ አለው፣ ለሴቶች በነጻ ነው ሚያማክሩት። ብዙ ሰው ለፍቺና ለጥቃት ብቻ ይመስለዋል፣ የቤት ጉዳይ ይዛችሁ ብትሄዱም ቢያንስ ሰምተው አቅጣጫ ይሰጧችኋል። በተለይ ማስፈራራት ካለ፣ ወንድ ልጇ ማታ ማታ በር እየደበደበ ከሆነ፣ ያን ሳታፍሩ ንገሯቸው።

ዳቶ_ሰፈር፦

እህቴ እንዴት አወቅሽው? ልጇ በር መደብደብ አይደለም ግን ሁለት ቀን ማታ መጥቶ ከውጭ ቆሞ "ሰው ሳልጨምርባችሁ ውጡ" ብሏል። ጓደኛዬ አንዷ ፈርታ እህቷ ጋ ሄዳ ነው ያደረችው።

ጠበቃ_ሐይቅ_ዳር፦

ይሄ ጉዳዩን ይቀይረዋል። ኪራይ ብቻ ሲሆን ፖሊስ "የፍትሐ ብሔር ነው ፍርድ ቤት ሂዱ" ብሎ ይመልሳችኋል፣ ልክም ነው። ዛቻ ሲጨመር፣ ሰው በግድ ቤታችሁ ሲገባ ግን ወንጀል ነው፣ የተከራየሽው ክፍል ያንቺ መኖሪያ ነው፣ ባለቤቷም ብትሆን ያለፈቃድሽ ሰብራ አትገባም። የቀበሌያችሁ ፖሊስ ጋ ሄደሽ አስመዝግቢ፣ ሚቀበልሽን ሰው ስምና ቀኑን ጽፈሽ ያዢ። ጓደኛሽም ብትመለስ ይሻላል፣ ክፍሉ ባዶ ሆኖ እንዳይገኝ።

መናኸሪያ_አካባቢ፦

ሽማግሌ ብትልኩስ? እዚህ ሀገር እኮ ሁሉም ነገር ፍርድ ቤት አይሄድም፣ የሲዳማ ባህላዊ ሽምግልና አፊኒም አለ፣ የእድር ዳኛም አለ። ሴትየዋ ምታከብራቸው ትልቅ ሰው በሰፈሩ አይጠፉም።

የቀድሞ_ሕግ_ተማሪ፦

ሽማግሌ ጥሩ ነው፣ ማዕከሉም አይቃወምም። ግን ሁለት ነገር፦ የተስማማችሁት በወረቀት ይስፈር፣ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙበት። ሁለተኛ፣ "ሽማግሌ መልስ እስኪያመጣ" እየተባለ አስሩ ቀን እንዳያልፍ፣ ጎን ለጎን ማዕከሉ ሂዱ።

አዳማ_ቀበሌ_አስር፦

እኔ ያለሁት አዳማ ነው ግን ተመሳሳይ ነገር ስላለብኝ እየተከታተልኩ ነው። የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር እዚህም ቅርንጫፍ አለው፣ እኔን ሰምተውኛል። የኔ የቀበሌ ቤት ነው፣ ከግለሰብ አይደለም የተከራየሁት፣ እድሳት ከልክለውኝ ዓመት አለፈ። ለኔስ ያው ነው?

ጠበቃ_ሐይቅ_ዳር፦

አይ ያንቺ ይለያል። ከመንግስት መስሪያ ቤት ጋር ሲሆን መጀመሪያ ለራሱ ለመስሪያ ቤቱ በጽሑፍ አመልክተሽ መልሱን ያዢ፣ አልመለሱም ካልሽም ያስገባሽበትን ማኅተም ያለበት ኮፒ ያዢ። ከዛ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል፣ የእሱ ስራ የመንግስት አካል ሲበድል ነው። ዳቶ ሰፈር ግን እንባ ጠባቂ ጋ አትድከሚ፣ የግለሰብ አከራይ ጉዳይ አይመለከታቸውም፣ ሰው በየቢሮው እየዞረ ሚደክመው ይሄንን ስለማይነግሩት ነው።

አሞራ_ገደል፦

ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር። መብራት ማጥፋት መብቷ ይመስለኝ ነበር ቆጣሪው በስሟ ስለሆነ።

ጠበቃ_ሐይቅ_ዳር፦

ቆጣሪው በስሟ መሆኑ ለመብራት ኃይል ተጠያቂዋ እሷ ናት ማለት ነው እንጂ ቤቱን ከነመብራቱ አከራይታ ስታበቃ እንደ መቅጫ ትጠቀምበት ማለት አይደለም። የኮቪድ ጊዜ በ2012 ትዝ ካለህ የአስቸኳይ ጊዜ ደንቡ ተከራይ ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን ከልክሎ ነበር፣ ያኔ ብዙ አከራዮች ለማስወጣት የሞከሩት በዚሁ በመብራትና በውሃ ነበር። ለዛ ነው ክስ ስንጽፍ የመብራቱን ጉዳይ ለብቻው ምንጽፈው።

ዳቶ_ሰፈር፦

ሰላም ጀማ፣ ስለጠፋሁ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ ሺፍት ቀይሬ ከአንዷ ጓደኛዬ ጋር ዩኒቨርሲቲው ማዕከል ሄድን። የተቀበለችን ልጅ ወጣት ናት፣ ረጅም ሰዓት ነው የሰማችን። እንዳላችሁኝ ቀኑን በወረቀት ጽፌ ስለሄድኩ በጣም ነው ደስ ያላት፣ የቴሌብሩን ዝርዝር ከስልኬ ላይ ራሷ አሳተመችው። በእጅ የከፈልናቸውን ወራት "ታምናለች ወይስ ትክዳለች እሷን ስንጠይቅ እናያለን" አለችኝ። ከዛ ለአከራያችን ደብዳቤ ተጻፈ፣ ራሳችን ወስደን ስንሰጣት እጇ ተንቀጠቀጠ፣ እውነቱን ለመናገር እኔንም አሳዘነችኝ፣ ፍርድ ቤት የተከሰሰች መስሏት ነበር። የዛኑ ዕለት ማታ መብራቱ በራ። ማንም ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ በራ።

በቀጠሮው ቀን ከልጇ ጋር መጣች። ልጅየው መጀመሪያ ጮክ ጮክ ብሎ ነበር፣ የማዕከሉ ልጅ በእርጋታ "ቅድሚያ የተቀበላችሁት ስንት ነው?" ብላ ስትጠይቀው እናትየዋ ራሷ "የሁለት ወር፣ 6,000" ብላ መለሰች። በእጅ የከፈልነውንም አልካደችም። ያ ሁሉ ጭንቀቴ ያኔ ነው የቀለለልኝ። ችግሯንም ተናገረች፣ የባንክ ብድር አለባት፣ ባሏ ታሟል፣ ሶስት ሰው መሆናችንን ስትቀበለን አታውቅም ነበር፣ ደላላው ሁለት ናቸው ብሏት ነው። እሱንም እኛ አናውቅም ነበር።

በመጨረሻ የተስማማነው ለዚህ ዓመት 3,500 ልንከፍል ነው፣ የጽሑፍ ውል ተጻፈ፣ ለማስለቀቅ ብትፈልግ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ልትሰጠን፣ መብራት በሰው ቁጥር ተካፍለን ልንከፍል። 5,000 ካለችው አንጻር ጥሩ ነው፣ ግን ጓደኛዬ 500 ብሩንም ለምን እንጨምራለን ብላ ቅር ብሏታል፣ እሷም ልክ ናት። ልጅቷ "ካልፈለጋችሁ አትፈርሙ፣ ክሱን እጽፍላችኋለሁ" ብላን ነበር፣ ሶስታችን ውጭ ወጥተን ተነጋግረን ነው የፈረምነው። ሁላችሁንም በጣም ነው ማመሰግነው፣ በተለይ ኪራዩን በቀኑ ላኪ ያልከኝ ጠበቃ፣ ልጅየው "ኪራይ አልከፈሉም" ሊል ሲል ስልኬን ነው ያሳየሁት።

ሪፈራል_ነርስ፦

እልል! ልጅየው ከዛ በኋላ ማታ መጥቷል?

ዳቶ_ሰፈር፦

አልመጣም። ፖሊስ ጋም አስመዝግቤያለሁ ለማንኛውም፣ እናቱም ሽማግሌ ፊት ይቅርታ ጠይቃናለች።

የቀድሞ_ሕግ_ተማሪ፦

ጎበዞች። ውሉን በስንት ኮፒ ነው የፈረማችሁት? አንዱ ሙሉ ፊርማ ያለበት እናንተ ጋ መቅረት አለበት፣ ሶስታችሁም ስማችሁ ውሉ ላይ ይግባ፣ አንቺ ስም ብቻ ከሆነ ነገ አንቺ ብትወጪ ሁለቱ ያለ ውል ይቀራሉ። የቆጣሪውን ንባብ ደሞ በፈረማችሁበት ቀን ፎቶ አንሱት።

ዳቶ_ሰፈር፦

በሶስት ኮፒ ነው፣ አንዱ ማዕከሉ ጋ ነው። የሶስታችንም ስም አለ። የቆጣሪውን ዛሬ አነሳለሁ።

ፒያሳ_ሱቅ፦

እኔ ደሞ የተከራየሁት ሱቅ ነው፣ ፒያሳ፣ ጸጉር ቤት ነው ምሰራበት። ባለቤቱ ቤቱን ሸጬዋለሁ ውጣ እያለኝ ነው። ያ 1320 ምናምን ያላችሁት ለኔ ይሰራል?

ጠበቃ_ሐይቅ_ዳር፦

አይሰራም፣ እሱ ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው። ያንተ በፍትሐ ብሔር ሕጉና በውልህ ነው ሚታየው። ውልህ የጽሑፍ ነው? የጊዜ ገደብ አለው? ተመዝግቧል? የነዚህን መልስ እዚህ ጻፍልኝ፣ አቅም ከሌለህ ደሞ ውሉን ይዘህ እዛው ማዕከል ሂድ፣ ገዢው አዲስ ውል ፈርም ብሎ ከመጣብህ ሳታስነብብ እንዳትፈርም።

ፒያሳ_ሱቅ፦

የጽሑፍ ነው፣ የሶስት ዓመት፣ ገና ዓመት ከአራት ወሩ ነው። አልተመዘገበም። ነገ ሱቁን ለረዳቴ ትቼ እሄዳለሁ።